የመኪናን ጉልበት ስለ ማሳደግ፤ ለወኪሉ ከፍሎ ማሠራትና በራስ እጅ መሥራት

ከቦሌ ጀምሮ በመገናኛ፣ በገርጂ፣ በጉርድ ሾላና በሲ.ኤም.ሲ. አድርጎ እስከ አያት በሚዘልቀው የከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል መኪና ያለው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ቅሬታ አለው፤ ይኸውም መኪናዬ ዳገት ላይ ይደክማል የሚል ነው። ቅሬታው በተሰማ ቁጥርም መካሪ አይጠፋም። አንዱ ማርሚታውን አስነሣው ይለዋል፤ ሁለተኛው የአየር ማጣሪያውን ለውጠው ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ኮምፒውተሩን የሚነካ ልጅ አውቃለሁ ይለዋል። ባለመኪናውም ከዚህ በኋላ የሚጠይቀው፣ ሥራውን ለወኪል ድርጅቱ ከፍዬ ላሠራ ወይስ ዕቃውን ገዝቼ ራሴ ልሥራው የሚለውን ነው።

ጥያቄው በሌሎች አገሮች ስለ አውቶሞቢል በሚጻፉ ጽሑፎች የታወቀና የቆየ ነው። እዚያ የሚሰጠው መልስ ግን እንዳለ ተነሥቶ ወደ እኛ ቢመጣ አይሠራም፤ ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው የከተማችን ከፍታ ነው። ሁለተኛው፣ በእኛ ዘንድ ነገሩ በወኪሉና በባለቤቱ መካከል ብቻ የሚያልቅ አለመሆኑ ነው፤ በመካከላቸው የሰፈር ጋራዥ የሚባል ሦስተኛ ወገን ቆሟል፤ እንዲያውም አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው እርሱ ነው። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ነገሮች አስረድቶ፣ የትኛው ሥራ ለማን ይገባል የሚለውን ለመመርመር ይሞክራል።

ነገሩን ከአየር እንጀምር። የቤንዚን ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ብቻ አይደለም፤ ቤንዚኑ የሚቃጠልበትን አየር ዘወትር ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር ስፍራ በሲሊንደሩ ስፋት የተወሰነ ነው፤ በዚያ ስፍራ ውስጥ የሚገባው የአየር ክብደት ግን እንደ አገሩ ከፍታ ይለያያል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ያንኑ ስፍራ እየሞላ ቢስብም የሚያገኘው አየር በጂቡቲ ወደብ ከሚያገኘው በአንድ አራተኛ ያንሳል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በጥቅሉ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጠፋል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ቪትዝ እያልን ለምንጠራት ባለ 1 ሊትር ቶዮታ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ እንዳላት ተጽፎላታል፤ ያ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል አየር የተሰጠ ነው። ቦሌ ላይ የሚቀርላት 52 ወይም 53 ያህል ነው። አራት ሰውና ሻንጣ ጭና ዳገት ስትወጣ ብታቃስት ሊያስደንቅ አይገባም። ሾፌሩ ሞተሩ ታመመ ብሎ ይጠራጠራል፤ ሞተሩ ግን ጤነኛ ሆኖ አየር ያጠረው ሊሆን ይችላል። ይኸው መኪና ወደ አዳማ ሲወርድ ያለ ማንም መካኒክ ይበረታል፤ በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ዕጣው የእኛ ብቻ አይደለም። ሜክሲኮ ከተማ 2,240 ሜትር፣ ቦጎታ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው፤ ላፓስ ከ3,600 ሜትር ትበልጣለች። የሜክሲኮ መካኒኮች የሚያውቁትን ነገር የለንደን መካኒክ ላያውቀው ይችላል፤ እኛ ግን የምናነበው ብዙውን ጊዜ በዝቅተኛ አገር የተጻፈውን ነው።

ከፍታው የሚያመጣው ችግር በጉልበት ማነስ ብቻ አያበቃም። በካርቡራተር በሚሠሩ አሮጌ መኪናዎች ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ሒሳቡ ተሠርቶ ሲታይ፣ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር ቦሌ ላይ 15 በመቶ ያህል የበዛ ቤንዚን ይሰጣል። ትርፉ ቤንዚን ሳይቃጠል በጭስ መልክ ይወጣል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ሞተሩ ይታፈናል። እንግዲህ ባለዲኤክሱ ቶዮታ ወይም ባለላዳው ካርቡራተሩን ከፍቶ ቤንዚን የምታልፍባትን ትንሽ ቀዳዳ ጠበብ ባለች ቢለውጣት፣ ጉልበትም ያገኛል፤ ቤንዚንም ይቆጥባል። ከዚህ ጋር ደግሞ ብልጭታው የሚፈነጥቅበትን ጊዜ ጥቂት ቀደም ማድረግ ይቻላል፤ በሳሳ አየር ውስጥ እሳቱ ቀስ ብሎ ስለሚስፋፋ ቀደም ብሎ መለኮሱ ይጠቅመዋልና። ይህን ለማድረግ የዲስትሪቢዩተሩን ቡሎን አላልቶ በጣም ጥቂት ማዞር ይበቃል። የሚያስፈልገው አንድ ቁልፍ፣ አንድ ካቻቪቴና ጥሩ ጆሮ ነው። በራስ እጅ መሥራት የሚለው ሐሳብ በከተማችን ሥር የሰደደው በእነዚህ መኪናዎች ምክንያት ይመስለኛል፤ ከፍታው የወሰደውን ከፊሉን በእሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ማስመለስ ይቻል ነበርና።

አጎቴ ገርጂ ግቢው ውስጥ ዲኤክሱን ያስተካከለው በዚሁ መንገድ ነው። እርሱ ካደረገው ሁሉ ብልህ ሆኖ ያገኘሁት ግን ማስተካከሉን አይደለም። ዲስትሪቢዩተሩን ከማዞሩ በፊት በሞሬድ አንዲት መስመር ሠርቶበት ነበር፤ የፋብሪካው ቦታ የት እንደ ነበረ እንዳይጠፋው ነው። ለፋሲካ ቤተ ሰቡን ጭኖ ወደ አዋሽ በወረደ ጊዜ ሞተሩ ገና ከወለንጪቲ በታች ጠጠር እንደ ገባበት ቆርቆሮ ይንኳኳ ጀመር። አጎቴም መኪናውን አቆመና ዲስትሪቢዩተሩን ወደ መስመሯ መልሶ ጉዞውን ቀጠለ።

ማንኳኳቱ ምን እንደ ሆነ መግለጽ ይገባል፤ የቀረው ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ ያርፋልና። በሲሊንደሩ ውስጥ እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ በሥርዓት መስፋፋት አለበት። ግፊቱና ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ ግን ገና እሳቱ ያልደረሰበት ቤንዚንና አየር በራሱ ይፈነዳል። ያ ፍንዳታ ነው በጆሮ የሚሰማው፤ ሲቆይም ፒስተኑን ይበሳል፤ የቴስታታውን ጉርኒሲዮን ያቃጥላል። በከፍታ ቦታ ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ማንኳኳት ይቀንሳል፤ በአሜሪካ የዴንቨር አካባቢ ከሌላው አገር ዝቅ ያለ ባለ 85 ኦክቴን ቤንዚን የሚሸጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። አዋሽ ግን ከፍታዋ 1,000 ሜትር ያህል ነው፤ ሞተሩ እዚያ የሚያገኘው አየር ከቦሌው በአንድ ስድስተኛ ያህል ይበልጣል። ቦሌ ላይ ደኅና የነበረ ማስተካከያ አዋሽ ላይ ሞተር ገዳይ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ከፍታ ብቻ የተሠራ መኪና በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ዕድሜ የለውም፤ በግማሽ ቀን ጉዞ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ተመልሶ የሚወጣበት አገር ነውና።

ካርቡራተሩ ቀርቶ ቤንዚን በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚረጭባቸው መኪናዎች ከመጡ ወዲህ ይህ ሁሉ የእሑድ ሥራ አብቅቷል። ኮምፒውተሩ የአየሩን መጠን ራሱ ለክቶ ቤንዚኑን ይመጥናል፤ ብልጭታውንም ቀደም ወይም ዘግየት ያደርጋል፤ ማንኳኳትን የሚሰማ ጆሮ የተገጠመላቸውም ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ቪትዝና አዳዲሶቹ ኮሮላዎች በቦሌ አየር ውስጥ ማግኘት የሚችሉትን ያህል ቀድሞውኑ አግኝተዋል። ቱርቦ የሌለው መኪና ኮምፒውተሩ ቢነካ የሚጨምረው ጉልበት ሾፌሩ ሊያውቀው የማይችለው ጥቂት ነው። ማርሚታን ማስነሣትም እንዲሁ ነው። ማርሚታ ሲነሣ ድምፁ ስለሚያድግ ጉልበቱ ያደገ ይመስላል፤ በልኬት ሲታይ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከማርሚታው ጋር አብሮ የሚወጣው የጭስ ማጣሪያ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናት ስላሉበት ዋጋ አለው፤ እንግዲህ ይነሣ ብሎ የሚመክር ሰው ሁሉ ስለ መኪናው ብቻ ተጨንቆ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ይልቁንም በምሥራቅ አዲስ አበባ ጋራዦች ጉልበት ማሳደግ ተብሎ የሚሠራው አብዛኛው ሥራ የጠፋ ጉልበትን መመለስ ነው። መኪኖቻችን ብዙ ያገለገሉ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ስለ ጣለ፣ ያለውን መኪና አስታሞ መያዝ ከመለወጥ የተሻለ ሆነ። በሕንፃ ሥራ አቧራ የተደፈነ ማጣሪያ፣ ጫፉ የተበላ ካንዴላ፣ ግፊቱ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ፣ የቆሸሸ መርጫ፣ ነፋሱ የጎደለ ጎማ፣ የማይለቅ ፍሬን፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ይወስዳሉ። ከ52ቱ የፈረስ ጉልበት 10 የሚያህለው በዚህ መንገድ ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። ማንም ሰው ገንዘቡን ለአዲስ ዕቃ ከማውጣቱ በፊት የሲሊንደሮቹን እምቅታ ቢያስለካ ይሻለዋል፤ ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ሌላው ምክር ሁሉ ከንቱ ነው። ማጣሪያና ካንዴላ መለወጥን የመሰለውን ሥራ ባለቤቱ ራሱ ቢሠራው የሚከለክለው ነገር የለም። ቢሳሳት እንኳ መኪናው አልነሣም ብሎ ወዲያው ይነግረዋል።

ነገሩ የሚከብደው ቱርቦ ባላቸው የናፍጣ መኪናዎች፣ በሒልክስና በላንድ ክሩዘር በመሳሰሉት ላይ ነው። ቱርቦ በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየርን አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ ከፍታው የወሰደውን አየር አብዛኛውን ይመልሳል። ይህን የሚያደርገው ግን በነጻ አይደለም። በባሕር ዳርቻ አየሩን ሁለት እጥፍ ማመቅ የሚበቃው ቱርቦ፣ ያንኑ ግፊት ቦሌ ላይ ለመስጠት ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማመቅ አለበት፤ ለዚህም ይበልጥ መፍጠን ይኖርበታል፤ ይበልጥም ይግላል። እንግዲህ ኮምፒውተሩን የሚነካው ሰው በዱባይ ወይም በአውሮፓ የተዘጋጀ ፕሮግራም አምጥቶ ግፊቱን ከዚያ በላይ ከፍ ሲያደርገው፣ ቱርቦው ከተሠራለት ፍጥነት አልፎ ይሽከረከራል። ፕሮግራሙን ያዘጋጀው ሰው ስለ ቦሌ አላሰበም።

የማውቃቸው አንድ የሒልክስ ባለቤት ይህን ሥራ በአንድ ቦታ አሠርተው ነበር። ለሦስት ወር ያህል መኪናቸው እንደ ነብር ሆነችላቸውና ደስ አላቸው፤ በአራተኛው ወር ቱርቦው ተሰበረ፤ ስባሪውም ወደ ሞተሩ ገባ። ወደ ሠራላቸው ሰው ቢመለሱ፣ ቀድሞውንም አሮጌ ቱርቦ ነበር አላቸው። ደረሰኝ አልነበራቸውም፤ ከሥራው በፊትና በኋላ የተለካ አንድ ቁጥር እንኳ አልነበራቸውም። ወደ ወኪሉ ቢሄዱ ደግሞ የተነካ ኮምፒውተር ስለ ሆነ ማንም ኃላፊነት አይወስድም ተባሉ። መኪናዋ የቤተ ሰቡ እንጀራ ስለ ነበረች፣ ጉዳቱ በሞተሩ ዋጋ ብቻ የሚቆጠር አልነበረም።

ወኪል ድርጅት የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከእኛ ወኪሎች ታዋቂው ሞኤንኮ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመ የቶዮታ ወኪል ነው፤ ኒያላ ሞተርስ ደግሞ በኒሳን ይታወቃል። ብዙ ሰው ለወኪል የሚከፈለው ገንዘብ የእጅ ዋጋ ይመስለውና፣ ሰፈር ውስጥ በጥቂት ብር የሚፈታ ቡሎን እዚያ ለምን ይህን ያህል ይጠይቃል ብሎ ይቆጣል። እጁስ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም ከሰፈር ጋራዥ ባለሙያዎች መካከል በወኪል ቤት ሠርተው የወጡ አሉ። የሚሸጠው ሌላ ነው፤ ይኸውም የፋብሪካው መጽሐፍ፣ ቡሎኑ በስንት ኃይል እንደሚጠብቅ የሚለካ ቁልፍ፣ የኮምፒውተሩን ቋንቋ የሚያነብ መሣሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስም ያለበት ደረሰኝ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ነገር ግን ሻጩ ማን እንደ ሆነና ምን እንደ ሸጠ የሚያስረዳ ወረቀት የሌለው ሰው በዚህ ሕግ ሊጠቀም ይቸገራል።

በውጭ አገር ወኪሎች በዚህ ነገር ከእኛዎቹ ርቀው ሄደዋል። በአሜሪካ የቶዮታ ወኪሎች ቲ.አር.ዲ. የተባለው የፋብሪካው የእሽቅድምድም ክፍል ያዘጋጀውን አየር ማመቂያ ይገጥሙ ነበር፤ ወኪሉ ሲገጥመው ዋስትናው አይቋረጥም። የቮልቮ ወኪሎችም ፖልስታር በሚል ስም የሞተሩን ፕሮግራም ዋስትናው እንደ ጸና ያሻሽሉ ነበር። በዚያው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሕግ፣ ባለቤቱ ከሌላ ቤት የገዛውን ዕቃ ስለ ገጠመ ብቻ አምራቹ ዋስትናውን እንዳይሰርዝ ይከለክላል፤ ጉዳቱ ከዕቃው የመጣ መሆኑን ማስረዳት ይኖርበታል። በእኛ አገር የወኪሉ ዋና ሥራ አገልግሎትና ጥገና ነው። ደግሞም በቦሌ ጎዳና ከሚታዩት መኪኖች ብዙዎቹ በወኪሉ በኩል ሳይሆን አገልግለው የገቡ ስለ ሆኑ፣ የሚቋረጥ ዋስትና የላቸውም። ዋስትና ለሌለው ሰው ወኪሉ ዋስትናህ ይሰረዛል ቢለው አያስፈራውም። ከዚህም የተነሣ በውጭ አገር ለወኪሉ ወገን ሆኖ የሚቀርበው ትልቁ ክርክር እኛ ዘንድ ግማሽ ኃይሉን ያጣል።

ስፍራውን የሞላው የሰፈር ጋራዥ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ራሴ ነው ያሠራሁት ሲል ብዙውን ጊዜ እጁን ዘይት ነካው ማለት አይደለም። ዕቃውን ራሱ መርካቶ ሱማሌ ተራ ሄዶ ወይም ቅርቡ ካለ መለዋወጫ መደብር ተከራክሮ ገዝቷል፤ ከዚያም ገርጂ ወይም ጎሮ ካለ ጋራዥ መኪናውን አስገብቶ እስኪያልቅ ድረስ ከመካኒኩ ራስጌ ቆሟል ማለት ነው። ይህ አሠራር በውጭ ጽሑፎች ውስጥ ስም የለውም፤ ከሁለቱም ወገን አይደለምና። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ዕቃው ሲገጠም በዓይን ይታያል፤ አሮጌው ዕቃ ተመልሶ እጅ ይገባል፤ ቆሞ የተመለከተውም ሰው በሁለተኛው ጊዜ ጥቂቱን ራሱ ለመሥራት ይደፍራል። ጉዳቱም አለ። ዕቃውን የገዛው ባለቤቱ ስለ ሆነ፣ ሲበላሽ መካኒኩ ዕቃህ ነው ይላል፤ ነጋዴው ደግሞ ገጣጠሙ ነው ይላል። ኦሪጅናል የሚባለውንና ቅጂውን በዓይን ለመለየት ብዙ ዓመት የሠራ ሰው እንኳ ይቸገራል።

በመንገዴ ላይ ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልበል። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ጉርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ጎሚስታ፤ እነዚህ ሁሉ ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጡት ቃላት ግን ሰንሰር፣ ስካነር፣ ፕሮግራም እየተባሉ በእንግሊዝኛ ቀርተዋል። ቀድሞ የመጡት ቃላት በእጅ የሚያዝ ዕቃ ስም ናቸው፤ የሰፈሩ ባለሙያ ሁሉ ያውቃቸዋል። ኋላ የመጡት ግን በዓይን የማይታይ ነገር ስም ናቸው፤ ከመካኒኩ ራስጌ የቆመው ባለመኪናም ቁጥሩ ሲለወጥ ምን እንደ ተለወጠ አያይም። መቆሙ ጥቅሙን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ እኔ ከዋጋው በፊት ሁለት ጥያቄዎች መቅደም አለባቸው እላለሁ። ስሕተት ቢፈጠር ሞተሩ ሳይጎዳ ይታወቃልን? የተሠራውስ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላልን? ለሁለቱም አዎን የሚባልለት ሥራ በባለቤቱ እጅ ቢሠራ አያስፈራም፤ የአጎቴ ዲስትሪቢዩተር እንደዚህ ነበር፤ ይንኳኳል፣ ይሰማል፣ ይመለሳል። ፍሪሲዮን፣ የጊዜ ቀበቶና ቴስታታ መሣሪያና ሁለተኛ ሰው ስለሚፈልጉ ለታመነ ጋራዥ ይገባሉ፤ ባለቤቱ በዓይኑ ሊከታተላቸውም ይችላል። የቱርቦ ግፊትና የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን ለሁለቱም ጥያቄዎች አይደለም የሚባልላቸው ናቸው፤ ጥፋታቸው ድምፅ ሳያሰማ ይከማችና በመጨረሻ በአንድ ቀን ይታያል። ይህን ሥራ የፋብሪካው መጽሐፍ፣ የመለኪያ መሣሪያና ደረሰኝ ያለው ቤት ካልሠራው ባይሠራ ይሻላል። በዚህ ላይ ወኪሉ አልሠራም ካለ፣ እምቢታው ራሱ መልስ ነው፤ የሚሠራ ሌላ ሰው እንድንፈልግ የተሰጠን ፈቃድ አይደለም።

ስለ ፍሬን በምክር ሰጪዎቹ ዘንድ ሲነገር አልሰማሁም። መኪና ጉልበት ሲጨመርለት ፍጥነቱ ያድጋል፤ የሚያቆመው ፍሬን ግን የድሮው ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው ነው። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይትና ጎማ ከጉልበቱ ቀድመው ሊታደሱ ይገባል፤ ፍሬኑን ግን ማንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲማር በራሱ መኪና ላይ ብቻውን ባይሠራው እመርጣለሁ። ከላይ የጠየቅነው ጥያቄ እዚህም ይሠራል፤ የፍሬን ስሕተት የሚታወቀው በሚያስፈልግበት ሰዓት ነውና።

ሕጉም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። ሊብሬው የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ይዟል፤ ሞተሩን በሌላ የለወጠ ሰው ይህን ካላስመዘገበ መኪናውን ሲሸጥ ይቸገራል። ቦሎ ለማሳደስ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ አለ፤ ማርሚታው የተነሣለት መኪና ባለቤት ለምርመራው ቀን ከጎረቤት ማርሚታ ተውሶ እንደሚገጥም ሲወራ ሰምቻለሁ።

አሁን ደግሞ ነገሩን ሁሉ የሚገለብጥ ለውጥ መጥቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማድረጉን አስታውቋል። በቦሌ ጎዳና በቻይና የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ስለዚህ ከፍታው ከእርሱ የሚወስደው ጉልበት የለም። 150 የፈረስ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ጂቡቲም ቦሌም 150 ነው፤ እንዲያውም አየሩ ስስ ስለ ሆነ በፍጥነት ሲሄድ የሚገታው ነፋስ ያንሳል። በዳገት መድከም የነበረው የምሥራቅ አዲስ አበባ ቅሬታ በእነዚህ መኪናዎች ላይ ምክንያቱን አጥቷል።

ጉልበታቸውን ማሳደግ የሚፈልግ ቢኖር ግን በእጁ የሚነካው ነገር አያገኝም። ሞተሩ ምን ያህል እንዲሰጥ የሚወስነው ፕሮግራም ነው፤ ቁልፉም በአምራቹ ዘንድ ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርተው ከመጡት መኪናዎች መካከል የማሳያ ገጻቸው በቻይንኛ የሆነ ስላለ፣ በየሰፈሩ የመጀመሪያው ሥራ ቋንቋ መለወጥ ሆኗል። ላፕቶፕ ይዘው የሚሠሩ ወጣቶች ይህን በራሳቸው ጥረት ተምረዋል፤ ሙያቸውም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የእነዚህ መኪናዎች ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ቮልት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ይህም የሰውን ልብ በአንድ ጊዜ ሊያቆም ይችላል። ለዚህ ነው ከባትሪው የሚወጡት ገመዶች ብርቱካንማ ቀለም የተቀቡት፤ ሽፋኑ ተከፍቶ ብርቱካንማ ገመድ ከታየ፣ ልዩ ጓንት ያላደረገና ኃይሉን አስቀድሞ ያላቋረጠ ሰው በምንም ምክንያት አይነካውም።